ዌብ፣ ቶጎና ወይስ ሳነቴ? የባሌን የበረዶ ዘመን ሸለቆዎች በእግር ለማየት የቱን ልምረጥ

ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ደርሶ የተመለሰ ሰው የሚጠየቀው ሁሌ ያው ነው። "ቀይ ቀበሮ አየህ?" ይባላል። ቀጥሎ "ብርዱስ?" ይመጣል። "በየትኛው ሸለቆ ሄድክ?" ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። እኔ ደግሞ ዋናው ጥያቄ እሱ ነው ባይ ነኝ። ፓርኩ ወደ 2,150 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል። ሦስት ቀን ይዞ "ሁሉንም ልይ" ያለ ሰው አንዱንም በወጉ ሳያይ ይመለሳል። ጉዞው በመኪና መስኮት ያልቃል።

ስለዚህ ሦስት አማራጮችን ጎን ለጎን ላስቀምጥ። አንደኛው የዌብ ሸለቆ ነው። ሁለተኛው ከገርባ ጉራቻ ሐይቅ ሥር የሚጀምረው የቶጎና ሸለቆ። ሦስተኛው የሳነቴ አምባ። ሳነቴ እንኳ ሸለቆ አይደለም። ግን ሸለቆዎቹን የጠረበው በረዶ የተቀመጠው እዚያ ላይ ነበር። ደግሞም አብዛኛው ሰው "ባሌን አየሁ" የሚለው እሱን አይቶ ነው። ከንጽጽሩ ላስቀረው አልቻልኩም።

በረዶ? ባሌ ላይ?

አዎ፣ ባሌ ላይ። ዛሬ ቋሚ በረዶ የለም። ጠዋት ሣሩን ነጭ አድርጎት የምታዩት ውርጭ ነው፤ ፀሐይ ትንሽ ከፍ ስትል ይጠፋል። ድሮ ግን ነገሩ ሌላ ነበር። ተመራማሪዎች በረዶው ጥሏቸው ከሄደ ቋጥኞች ናሙና ወስደው፣ ድንጋዩ ለሰማይ ከተጋለጠ ስንት ዘመን እንደሆነው ለክተዋል። የባሌ በረዶ ትልቁን ስፋት የያዘው ከዛሬ 42 ሺህ እስከ 28 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ሆኖ ተገኝቷል። ከፍታው ላይ እንደ ቆብ ተጭኖ፣ በጠርዙ እየሞላ፣ ወደ ሸለቆዎቹ ቀስ እያለ ይወርድ ነበር።

ይህን ማወቅ ለእግረኛ ምን ይሠራል? ብዙ። ወንዝ የቆረጠው ሸለቆ ታችው ጠባብ ነው። ሁለቱ ጎኖች ተዳፍተው መሐል ላይ ይገናኛሉ። መንገዱ ወይ ሽቅብ ነው ወይ ቁልቁል። በረዶ የፋቀው ሸለቆ ግን ገንዳ ይመስላል። ወለሉ ሰፊ ነው፣ ግድግዳው ቀጥ ያለ። ወለሉ ላይ መሄድ አያደክምም፤ ጣጣው መግቢያውና መውጫው ላይ ነው። ከላይ፣ ሸለቆው ከሚነሳበት፣ ብዙ ጊዜ እንደ ድስት የጎደጎደ ቦታ አለ። በረዶው ተኝቶ የኖረበት ነው። ውኃ ሲያቁር ሐይቅ ይሆናል። ታች ደግሞ በረዶው ገፍቶ የከመረው የድንጋይና የአፈር ጉብታ ይኖራል። ድስቱን፣ ገንዳውንና ጉብታውን መለየት የቻለ ሰው የባሌን መሬት ራሱ ማንበብ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ "ይሄ ድንጋይ እዚህ ምን ይሠራል?" እያሉ መሄድ ነው።

"ሰሜን ተራሮች አይሻልም ወይ?" የሚል አይጠፋም። ሌላ ነገር ነው። ሰሜን የገደል ዳር ጉዞ ነው። ጫፉ ላይ ቆመህ ቁልቁል ታያለህ። እዚያም ከፍ ያሉት ቦታዎች ላይ የጥንት በረዶ አሻራ አለ፤ ጉዞው ግን በገንዳ ውስጥ አይደለም። ባሌ የሜዳና የሸለቆ አገር ነው። ሰፊ ሰማይ ሥር ረጅም መንገድ መሄድ የሚወድ ባሌን ይመርጣል። አናት የሚያዞር ገደል የሚወድ ሰሜን ይሂድ። እዚህ ጋ ልተወው።

ዌብ፦ ሰፊው፣ ገሩ፣ ባለቀበሮው

ለመጀመሪያ ጊዜ ድንኳን ይዞ ተራራ የሚወጣ ሰው ምክር ሲጠይቀኝ ወደ ዌብ ነው የምልከው። ምክንያቱ ቀበሮው ብቻ አይደለም። ከፍታው ነው። መነሻው ዲንሾ ነው፤ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለበት ትንሽ ከተማ። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከተማው ራሱ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። የዌብ ሸለቆ ወለል ደግሞ 3,450 ሜትር አካባቢ። ልዩነቱ ጥቂት መቶ ሜትር ነው። ሰውነት ሳይደነግጥ ይለምደዋል።

መንገዱ መጀመሪያ ጽድና ኮሶ ካለበት አካባቢ ይነሳል። የደጋ አጋዘንና የምኒልክ ድኩላ ለማየት ከጽሕፈት ቤቱ ግቢ መራቅ እንኳ አያስፈልግም። ቀስ እያለ ዛፉ ያልቃል። ቁጥቋጦ ይሆናል። ከዚያ በድንገት መሬቱ ይከፈታል። አጭር ሣር፣ የሚያብለጨልጭ ወንዝ፣ ጥቁር የላቫ ጉብታ። የመጀመሪያው ሌሊት ብዙ ጊዜ ሶዶታ በሚባለው ካምፕ ነው።

ሣሩን ዝም ብላችሁ አትለፉት። ቁጭ በሉና ተመልከቱ። አፈሩ ይንቀሳቀሳል። ግዙፉ ፍልፈል ነው። ባሌ ላይ እንጂ ሌላ የትም የለም። ከጉድጓዱ ግማሽ አካሉን ብቻ ብቅ አድርጎ በዙሪያው ያለውን ሣር ያጭዳል፣ ከዚያ ወደ ኋላ ሽው ይላል። ቀይ ቀበሮ ባሌ ላይ በብዛት የሚኖረው እሱና መሰል አይጦች ስላሉ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ናቸው። በመንጋ ይኖራሉ። ማለዳና አመሻሽ ላይ ተሰብስበው ድንበራቸውን ይዞራሉ። አደን ግን የየግል ነው፤ በቀን ብርሃን፣ እያንዳንዱ ብቻውን። ለዚህ ነው ለማየት የማያስቸግሩት። የአካባቢው ኦሮሞ "ጄዳላ ፈርዳ" ይላቸዋል፤ የፈረስ ቀበሮ እንደማለት። የወለደች ባዝራ ተከትለው የእንግዴ ልጁን ስለሚበሉ ነው ይባላል።

ዌብ ላይ እኔን የሚይዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ፊንጫ ሀበራ። ፏፏቴው አለ፤ ከዌብ ወንዝ ዳር ምሳ ለመብላት ጥሩ ቦታ ነው። እዚያው አካባቢ፣ 3,469 ሜትር ላይ፣ አንድ የዋሻ መጠለያ አለ። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት ሰዎች እየተመላለሱ ይኖሩበት ነበር። ቁጥሩን ከበረዶው ቁጥር ጋር አስተያዩት። እነዚህ ሰዎች እዚህ ሲኖሩ በላይ በኩል፣ እንደ ሐርቻና ዋሳማ ባሉት ሸለቆዎች፣ በረዶ ተጋድሞ ነበር። ምን ይበሉ ነበር? ያንኑ ግዙፍ ፍልፈል፣ በእሳት ጠብሰው። ለመሣሪያ የሚሆን ጥቁር መስታወት መሰል ድንጋይ፣ ኦብሲዲያን፣ ያመጡ የነበረው ከዋሳማ ሸንተረር ነው፤ ከ4,200 ሜትር በላይ። እኛ በቡትና በጃኬት የምንማረርበትን ብርድ እነሱ ምን ለብሰው እንደቻሉት እያሰቡ ሻይ መጠጣት ደስ ይላል።

አሁን ጉድለቱን ልናገር። ዌብ በፎቶ አያምርም። ሰፊ ነገር በስልክ ካሜራ ሲነሳ ጠፍጣፋ ይሆናል። "ይሄን ለማየት ነው ይሄን ያህል የተጓዝከው?" የሚል ጓደኛ ካላችሁ ተዘጋጁ። ዝናብ ከጣለ ደግሞ ወለሉ ረግረግ ነው። ጫማ ውስጥ ውኃ የገባበት ሰው ቀኑን ሙሉ ሌላ ነገር አያይም፤ እኔ አንድ ጊዜ ስኒከር አድርጌ ገብቼ የተማርኩት ነው። ሦስተኛ፣ ባዶ ምድረ በዳ የሚጠብቅ ሰው ይከፋዋል። ሸለቆው ውስጥ ሰው ይኖራል። ከብት፣ በግ፣ ፈረስ አለ። ከብቱን እንደ ወቅቱ ከቆላ ወደ ደጋ፣ ከደጋ ወደ ሆራ (ማዕድን ያለው ምንጭ) የመውሰድ "ጎደንቱ" የሚባል የቆየ ሥርዓት አለ። እኔ እንደውም ይሄን ነው የምወደው። እረኛ ልጆች በፈረስ ሲጋልቡ አይቶ የማይደሰት ሰው የለም። ከውሾቹ ግን ራቁ። ለቀበሮዎቹም ትልቁ አደጋ ከውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር የሚባለው ሌላ የውሻ በሽታ ነው።

ጊዜ ለሌለው ሰው፣ በበጋ እስከ ዌብ የሚወስድ ለባለ አራት ጎማ መኪና ብቻ የሚሆን አስቸጋሪ መንገድ አለ። ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ይቻላል። ከሦስቱ ምርጫ ውስጥ በመኪና የማያዋጣው ይሄ ነው። በእግር ስትገቡ ሸለቆው እንዴት እንደሚከፈት ነው ዋናው ጣዕሙ።

ቶጎና፦ እውነተኛው ገንዳ

የበረዶን ሥራ በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሰው ዌብ ላይ በቂ አያገኝም። እሱ መሄድ ያለበት ወደ ገርባ ጉራቻ ነው። በኦሮምኛ "ጥቁር ሐይቅ" ማለት ነው። 3,950 ሜትር አካባቢ ላይ፣ በገደል ተከቦ፣ በዚያ ቅድም ባልኩት ድስት ውስጥ ተቀምጧል። ከላይ ከጠርዙ ቆማችሁ ስታዩት ከሐይቁ በታች ሸለቆው ወደ ሰሜን ይዘረጋል። ቶጎና እሱ ነው። ወደ ጎባ አቅጣጫ የሚወርደው ወንዝ መነሻው እዚህ ነው።

እዚህ ላይ ማብራሪያ አያስፈልግም። ገንዳው ገንዳ ነው። የባሌን በረዶ ታሪክ የሚያጠኑ ሰዎች ደጋግመው የመጡትም እዚህ ነው። የሐይቁን ወለል ጭቃ በረጅም ቱቦ አውጥተው ንብርብሩን አንብበዋል። በረዶው ከለቀቀበት ጊዜ ጀምሮ፣ ከ16 ሺህ ዓመት በላይ የሚሆን ታሪክ አለበት። የአበባ ብናኙ፣ የእሳት ከሰሉ፣ ሁሉም በየዘመኑ ተደርድሮ። ትንሽ ኩሬ የምትመስል ነገር ይሄን ሁሉ ይዛ ስትገኝ ይገርማል።

ውበቱን በተመለከተ ክርክር የለኝም። ከሦስቱ አንደኛ ነው። ጅብራው በሸንተረሩ ላይ እንደ ዘበኛ ቆሟል። ገደሉ ላይ ንስርና ጭልፊት ያንዣብባሉ፤ አንዳንዴ እናንተ ከላይ ሆናችሁ የንስሩን ጀርባ ታያላችሁ። ወደ ታች መውረድ ሲጀመር ደግሞ ተክሉ በየእርከኑ ይቀየራል። መጀመሪያ ብርማ ቅጠል ያለው ቁጥቋጦና ጅብራ ነው። ቀጥሎ አስታ ይመጣል። ዝቅ ሲል አሜጃና ኮሶ። በመጨረሻ የገብስ ማሳና የሰው አጥር። በአንድ ቀን ውስጥ ከብርዳም ምድረ በዳ ተነስቶ ሰው ቤት ጓሮ መድረስ ማለት ነው።

ዋጋው ግን ውድ ነው። የገንዘብ ዋጋ ማለቴ አይደለም፤ የጉልበት ነው። አንደኛ፣ ሐይቁ ጋ ማደር ማለት አራት ሺህ ሜትር ላይ ማደር ነው። ብርዱ ቀልድ አያውቅም። ሳነቴ ላይ በበጋ ሌሊት ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ድረስ ተመዝግቧል። ሁለተኛ፣ ቁልቁለቱ ጉልበት ይበላል። ጎባ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከሐይቁ እስከዚያ ከ1,200 ሜትር በላይ ዝቅ ማለት አለ። ሽቅብ ሲወጡ ሳንባ ያማርራል፤ ቁልቁል ሲወርዱ ጉልበት። ሳንባ ሲያርፉ ይመለሳል። ጉልበት ግን በማግስቱም ያስታውሳችኋል። ዱላ ያዙ። ሦስተኛ፣ የተጫነ ፈረስ በሁሉም ቁልቁለት አይወርድም። የትኛው መንገድ ለፈረስ እንደሚሆን፣ የቱ ለእግረኛ ብቻ እንደሆነ ከመነሳታችሁ በፊት ከአስጎብኚው ጋር ተነጋገሩ። ሐይቁ ጋ ከደረሱ በኋላ የሚነሳ ክርክር አያዋጣም።

እኔ ለማን እመክራለሁ? ቢያንስ ሁለት ሌሊት ከ3,000 ሜትር በላይ ላደረ ሰው። ከአዲስ አበባ ቀጥታ መጥቶ በማግስቱ ገርባ ጉራቻ ልደር ለሚል፣ አይሆንም።

ሳነቴ፦ ሁሉም የሚያየው

ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚሄደው መንገድ ሳነቴን መሐል ለመሐል ያልፋል። በአፍሪካ ክረምት ከበጋ ከሚያስኬዱ መንገዶች ሁሉ ከፍተኛው ነው ይባላል። አምባው 4,000 ሜትር አካባቢ ነው። ቱሉ ዲምቱ፣ "ቀዩ ኮረብታ"፣ 4,377 ሜትር ደርሶ የባሌ ከፍተኛው ቦታ ነው። እሱም ላይ መኪና ይወጣል። አናቱ ላይ አንቴና ተተክሏል። የባሌን ከፍተኛ ጫፍ በመኪና ወጥቶ "ድል አደረግሁ" ማለት ትንሽ ያሳፍራል፤ ግን ሁላችንም አድርገነዋል።

ጥቅሙን አልክድም። ሽማግሌ ወላጆች ይዞ ለመጣ ሰው ሳነቴን የሚያህል የለም። ማለዳ ከጎባ ተነስቶ፣ መኪናውን ቀስ አድርጎ፣ ግራ ቀኝ እያዩ መሄድ ነው። ቀይ ቀበሮ የማየት ዕድል ከፍተኛ ነው። ከመንገዱ ጥቂት ርቀው ያሉ ትናንሽ ሐይቆች ጋ ክንፈ ሰማያዊ ዝይ ይገኛል። አምባው ላይ ደግሞ ለየት ያለ ነገር አለ። ትልልቅ ድንጋዮች ሰው የደረደራቸው ይመስል በረጃጅም ረድፍ ተሰልፈው ይታያሉ። ሰው አልነካቸውም። በበረዶው ዘመን መሬቱ እየቀዘቀዘና እየቀለጠ፣ እያበጠና እየሟሸሸ፣ ድንጋዩን ከአፈሩ ለይቶ ያሰለፈው ነው።

ብዙ ሰው ሳነቴን አልፎ በደቡብ በኩል ወደ ሐረና ደን ይወርዳል። ጥሩ ሐሳብ ነው። ከቀዝቃዛው ሜዳ ተነስታችሁ በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ሽበት በሚመስል፣ ዛፍ ላይ በሚበቅል ተክል የተሸፈነ የአስታ ጫካ ውስጥ ትገባላችሁ። ሪራ መንደር ላይ ማር መቅመስ አይረሳ። ዝቅ ሲል የዱር ቡና አለ።

ችግሩ ፍጥነቱ ነው። ከጎባ እስከ አምባው ከ1,200 ሜትር በላይ በመኪና በአጭር ጊዜ መውጣት ሰውነትን ያስደነግጣል። ሰው ከመኪና ወርዶ ለፎቶ ሲሮጥ ይዞርበታል። ሌላው፣ መንገዱ የሥራ መንገድ ነው። አይሱዙ ያልፋል፣ አቧራ አለ። ሾፌራችሁ እንዳይፈጥን ንገሩት። ቀበሮና ጥንቸል መንገዱን ይሻገራሉ።

በእግር ከሆነ ሳነቴን ለብቻው አልመርጠውም። ሜዳ ነው፣ ንፋሱ አይጣል፣ መጠለያ የለም። አራት ሺህ ሜትር ላይ ያለው አየር በባሕር ወለል ካለው ኦክስጅን 60 በመቶ ገደማውን ነው የሚሰጠው። ሜዳ ላይ መሄድ እንኳ ሽቅብ ይመስላል።

ምርጫውን የሚወስነው ራስ ምታት ነው

ሰው ሸለቆ ሲመርጥ በውበቱ ይመርጣል። እኔ በከፍታው ምረጡ ነው የምለው። አዲስ አበቤ አንድ ጥቅም አለው። 2,300 ሜትር ላይ ስለሚኖር ግማሹን ለምዶታል። ከአዳማ፣ ከድሬዳዋ ወይም ከሐዋሳ የመጣ ግን ይጠንቀቅ። የተለመደው ሕግ ከ3,000 ሜትር በላይ ሲሆን የማደሪያ ቦታን በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አለማድረግ ነው። ቀን ላይ ከዚያ በላይ ወጥቶ መመለስ ይቻላል። ማደሪያው ነው የሚቆጠረው።

በዚህ ስሌት ዌብ ያልፋል። ዲንሾ አንድ ሌሊት፣ ሶዶታ አንድ ሌሊት። ገርባ ጉራቻ የሚያልፈው ከነዚህ በኋላ ነው። ሳነቴ ለማደር ሳይሆን ለማለፍ ከሆነ ችግር የለውም።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት ሲመጣ ጀግንነት አያስፈልግም። ማረፍ፣ ውኃ መጠጣት፣ ካልቀነሰ መውረድ። የተምታታ ንግግር ወይም መንገዳገድ ከመጣ፣ ወይም ተቀምጦም ትንፋሽ ካጠረ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ወደ ታች። ዌብ ላይ አንድ ጥሩ ነገር ዲንሾ ቅርብ መሆኑ ነው። ከገርባ ጉራቻ መውጣት ግን ጊዜ ይወስዳል። ይሄን አስቡበት።

ወቅቱ፣ ፈረሱ፣ ሰዉ

ወቅቱን ባጭሩ። ከኅዳር እስከ የካቲት ደረቅ ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ሌሊቱ የሚቆረጥም። ሦስቱም ያስኬዳሉ። ከመጋቢት ጀምሮ ዝናቡ ይመጣል፣ ክረምቱም ይቀጥላል። ያን ጊዜ ዌብ ይጨቀያል፣ የቶጎና ቁልቁለት ያንሸራትታል። ሳነቴ በመኪና ያው ይታለፋል፤ ጭጋግ ካለ ግን የምታዩት የመኪናውን አፍንጫ ብቻ ነው። ጥቅምት መጨረሻ ለእኔ ምርጡ ነው። ሣሩ ገና አረንጓዴ ነው፣ አበባው አለ፣ ዝናቡ አብቅቷል ለማለት ይቻላል።

ክፍያውን ዲንሾ ጽሕፈት ቤት ትፈጽማላችሁ። ለኢትዮጵያዊና ለውጭ አገር ሰው ታሪፉ ይለያያል፤ መታወቂያ ያዙ። አስጎብኚ፣ ፈረስና ባለፈረስም እዚያው ይገኛል። ስለ አካባቢው ጸጥታና ስለ መንገዱ ሁኔታ ቀድሞ በስልክ መጠየቅ ብልህነት ነው።

ፈረስ እንደ ቅንጦት የሚያይ ሰው አለ። "በራሴ ሻንጣ እሄዳለሁ" ይላል። ሁለተኛው ቀን ላይ ሐሳቡን ይቀይራል። ባሌ የፈረስ አገር ነው። ድንኳን፣ ብርድ ልብስና ምግብ ፈረሱ ይሸከም፤ እናንተ ውኃና ዝናብ ልብስ ብቻ ይዛችሁ ሂዱ። ያመመው ሰውም ቢፈጠር የሚቀመጥበት አለ ማለት ነው። ባለፈረሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአስጎብኚው እኩል መንገዱን ያውቃል። ወንዙ ሞልቶ የት እንደሚሻገሩ፣ የማን ውሻ እንደሚናከስ፣ የትኛው ሆራ ጋ ዛሬ ከብት እንዳለ የሚነግራችሁ እሱ ነው። "አካም" በሉት፣ ስሙን ጠይቁት፣ ምሳችሁን አብራችሁ ብሉ። ጉዞው ይቀየራል።

ከዕቃ የምጨምረው አንድ ብቻ ነው። ስሊፒንግ ባጋችሁ ለከዜሮ በታች ካልተሠራ ጋቢ ደርቡበት። ሰው አይቶ ቢስቅም ይሳቅ። ማታ ማን እንደሚስቅ ይታያል።

ታዲያ የቱን?

ሁለት ቀን ካላችሁ፣ ዲንሾ አድራችሁ ሳነቴን በመኪና እዩና በሐረና በኩል ውረዱ። በእግር ሄድኩ አትሉም፣ ግን ባሌን በግማሽ ቀምሳችኋል። ከልጆች ጋር ከሆነ ዲንሾ ግቢ ውስጥ ያለው አጭር የእግር መንገድና የጋይሳይ ሜዳ ይበቃል፤ አጋዘኑን ያዩታል፣ ከፍታውም አያስጨንቃቸውም።

ሦስት ወይም አራት ቀን ካላችሁ ዌብ። አታመንቱ። ቶጎናን ለመጨመር አትሞክሩ። ሦስት ቀን ውስጥ ሁለቱን ለማድረግ የሞከሩ ሰዎች ሲመለሱ የሚያወሩት ስለ ድካማቸው ነው። ወፍ የምትወዱ ከሆነም ዌብ ነው። አርኪዮሎጂ የሚስባችሁ ከሆነ እንዲያውም አማራጭ የለም።

ከዚህ በፊት ከፍታ ላይ አድራችሁ ሰውነታችሁ እንዴት እንደሚሆን የምታውቁ፣ ጉልበታችሁ ደህና የሆነ፣ የመሬት አቀማመጥ የሚያስደስታችሁ ከሆነ ቶጎና። ፎቶ አንሺም ከሆናችሁ ቶጎና፤ በተለይ ጠዋት፣ ጭጋጉ ከገንዳው እየተነሳ ሳለ።

አምስት ወይም ስድስት ቀን ያለው ሰው ግን መምረጥ አያስፈልገውም። ከዲንሾ ተነስቶ ሶዶታ፣ ቀጥሎ ኬይሬንሳ፣ ከዚያ የላቫ ምሰሶዎች የቆሙበት ራፉ፣ ከዚያ ገርባ ጉራቻ። ከፍታው በየቀኑ በልኩ ይጨምራል። ብዙ ሰው ይሄን መንገድ በተቃራኒው ይጠይቃል፤ መጀመሪያ በመኪና ሳነቴ ወጥቶ ወደ ዲንሾ ቁልቁል መምጣት ይቀላል ብሎ ያስባል። ለእግር ይቀላል፣ ለጭንቅላት ግን አይቀልም። የመጀመሪያው ሌሊት አራት ሺህ ሜትር ላይ ይሆናል። ከዲንሾ ጀምሩ። ከሐይቁ በኋላ ጉልበታችሁ ደህና ከሆነ በቶጎና ወደ ጎባ ውረዱ። ካልሆነ ሾፌሩ ሳነቴ መንገድ ላይ እንዲጠብቃችሁ ቀኑንና ሰዓቱን ከዲንሾ ሳትነሱ ቁረጡለት። ተራራው ላይ ኔትወርክ እንደ ልብ አይገኝም፣ "ደርሰናል" ብሎ መደወል ላይቻል ይችላል። ሰዓቱን ደግሞ በአበሻ ይሁን በፈረንጅ ተስማሙ። እኔ አንድ ጊዜ ይሄን ሳላጣራ ቀርቼ ስድስት ሰዓት ንፋስ ላይ ጠብቄያለሁ።